«ስፖርት አፍቃሪ ነበሩ»

ወዳጆቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ባለፈው እሁድ የኮች አርባ ወጣ። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ማንን እንደምል ከዚህ መስመር ታውቃላችሁ። ለሌላው ግን ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ «ስሙና ፎቶው ፌስቡክ ላይ ባይወጣ ደስ ይለናል» ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ። እኛስ በሕይወት እያለ መቼ በስሙ ጠርተነው እናውቃለን? ስልኬ ላይም «ኮች» ብዬ ነው የመዘገብኩት፤ እስካሁን ማጥፋት አልቻልኩም። ዕድሜው ሃምሳን የዘለለ ሰው ስለነበር በጽሑፍ አንቱ ልለው ይገባ ነበር። አንቱታ ግን አይወድም። «አንቱ ስትሉኝ ኳስ ማቀበል ትፈራላችሁ» ይል ነበር። ስለዚህ እንደለመድኩት እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይሄን የምጽፈው አንድ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ነው። ያረፈ ዕለት ማታ ኮሚናሉ አጠገብ ድንኳን እየተጣለ ሳለ ከዕድራችን አንድ አባት ጠጋ ብለው «መምህር፣ አንተ የአማርኛ አስተማሪ አይደለህ? ነገ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አንተ ብትጽፈው» አሉኝ። እምቢ አይባልም። ከተማሪ ደብተር መሀል ሁለት ቅጠል ገነጠልኩ፤ መብራት ገና ስላልተዘረጋ በስልኬ መብራት ጻፍኩ። ወንድሙ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ የት ተቀጠረ፣ መቼ አገባ፣ ስንት ልጅ ወለደ። እንደምታውቁት የለቅሶ ሕይወት ታሪክ የራሱ ቅርጽ አለው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምርና «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ብሎ ያልቃል። ወረቀቱ ሊሞላ ጥቂት መስመር ሲቀረው «ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ስፖርት አፍቃሪ ነበሩ» ብዬ ጨመርኩ። በቃ። የሰውየው ስምንት ዓመት ግማሽ መስመር ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ ሲነበብ ከኋላ የቆሙትን ልጆች አየኋቸው። ሃያ ምናምን ይሆናሉ። ሰማያዊውን መለያ ከሹራብ ሥር ለብሰው ነው የመጡት፤ አንገታቸው ላይ ይታያል። አንዱ ኳስ ይዞ መጥቶ ኖሮ አንዲት እናት «ለቀብር ኳስ? ነውር አይደለም እንዴ!» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ራሳቸው ኳሱን ተቀብለው ነጠላቸው ሥር ይዘውለት ቆሙ። አንባቢው «ስፖርት አፍቃሪ ነበሩ» ሲል ልጆቹ ቀና አሉ፤ የሚቀጥለውን እየጠበቁ ነበር። የቀጠለው «የሦስት ልጆች አባት የነበሩት» የሚለው ነው። እርስ በርስ ተያዩና መልሰው አቀረቀሩ።

ስፖርት አፍቃሪማ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ሻይ ይዤ ተቀምጬ፣ ማንም ባልጠየቀኝ ነገር ስለ እንግሊዝ ተከላካዮች የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ ስፖርት አፍቃሪ። ያንን ሰው እንዴት በዚያ ቃል እንደጠራሁት አላውቅም። ወይም አውቃለሁ፤ ቅርጹ ውስጥ ሌላ ቦታ አልነበረውም። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ «ሥራ» ነው፣ ሌላው ሁሉ «ጎን ለጎን» ነው።

በሠልስቱ ደግሞ ከመሀል ከተማ ለለቅሶ የመጣ አንድ ሰው፣ የሚስቱ ዘመድ መሰለኝ፣ እንዲህ ብሎ ጠየቀ። «የኳስ አሰልጣኝ ነበር አይደል? ለመሆኑ ማንን አወጣ?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። ድንኳኑ ግን ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጎረቤት «አንድ ልጅ ክለብ ለሙከራ ሄዶ ነበር፤ ጉልበቱን ተጎዳና ተመለሰ» አለ። ልጁ አሁን ቱሉ ዲምቱ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ሰውየው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «አይ፣ ዕድል ነው» አለና ወሬው ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ዞረ።

አርባ ቀን ሙሉ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለ። ማንን አወጣ?

በዚህ መለኪያ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ አንድ የልጆች አሰልጣኝ በአገራችን ቢፈለግ የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። በቆጂ አርሲ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። እሳቸው እዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ከዚያች ከተማና ከዙሪያዋ ደራርቱ ቱሉ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1996 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ። የእነዚህን አራት ሰዎች የኦሎምፒክ ወርቅ ብቻ ብትደምሩት 9 ይሆናል። ስንት አገር አለ በታሪኩ ዘጠኝ ያላየ! ስለ ከተማዋና ስለ አሰልጣኙ እ.ኤ.አ. በ2012 «ታውን ኦፍ ራነርስ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል።

ያንን ፊልም ያያችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ካሜራው የሚከተለው ደራርቱን ወይም ቀነኒሳን አይደለም። ገና ስም የሌላቸው ሁለት ልጃገረዶችን ነው የሚከተለው። ብዙ ሰው «ከዚያስ አሸነፉ?» ብሎ ይጠይቃል። ይኸው እንደገና ጥያቄያችን መጣ።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የማስበው። ደራርቱ ያን ዓመት ታማ ብትቀር ኖሮስ? ስንታየሁ በማግሥቱ ጠዋት ያው ፊሽካ፣ ያው ብርድ፣ ያው የባሕር ዛፍ ሥር ሩጫ ይጠብቃቸው ነበር። ሥራቸው በአንዲት ጠብታ አይለወጥም። የሚለወጠው የእኛ ማወቅ አለማወቅ ብቻ ነው። ከደራርቱ ጎን የሮጡ፣ ጠዋት ተነስተው እግራቸው ቀዝቅዞ ያንኑ ዳገት የወጡ የትምህርት ቤት ልጆችስ? ዛሬ አንዷ ነርስ ትሆናለች፣ አንዱ ገብስ ያጭዳል፣ አንዱ እንደኔ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ቆሟል። እነሱን ማነው ያወጣቸው?

ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

ቂሊንጦ ሲባል የሰው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማረሚያ ቤቱ ነው። ታክሲ ላይ «ቂሊንጦ ወራጅ» ስትል ዞር ብሎ የሚያይህ አይጠፋም። ከዚያ ቀጥሎ ቢራ ፋብሪካው፣ ከዚያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ይጠቀሳል። እዚህ ልጅ እንደሚያድግ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ዕጣ ደርሶን ስንገባ ልጆቻችን ከመሀል ከተማ የመጡ ነበሩ። አንዱ የልደታ፣ አንዱ የካዛንቺስ፣ አንዱ የጉለሌ። አይተዋወቁም። ብሎክ ለብሎክ ይፈራራሉ። የአንዱ ደረጃ ልጆች የሌላውን ደረጃ ልጆች በድንጋይ ያባርራሉ። ጨዋታቸው መኪና መሀል ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ስፖኪዮ ይሰበራል፣ በየሳምንቱ የወላጆች ጠብ ይነሳል።

ኮች የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ በፈረቃ ይሠራል። ዓርብ ሌሊት ከሆነ ተራው፣ ቅዳሜ ማለዳ ከሰርቪስ ወርዶ ቤቱ ሳይገባ ከብሎኮቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ያበደ መስሎኝ ነበር። ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሶ ብቻውን ድንጋይ ይለቅማል። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይውጣል፣ በጋ ላይ ደግሞ የልጅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ስንጥቁን በጠጠርና በአሸዋ ይሞላው ነበር፤ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች የጣሉትን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ እያመጣ። የሜዳውን መስመር በአመድ ነበር የሚያሰምረው። አመዱን ኮሚናሉ ውስጥ እንጀራ ከሚጋግሩ ሴቶች ይለምናል። በሦስተኛው ወር ሴቶቹ ራሳቸው በጣሳ እያስቀመጡለት ልጅ ልከው «አመድህን ውሰድ» ይሉት ጀመር።

የቡድን አከፋፈሉ ብልሃት ነበረበት። አንድ ብሎክ ከአንድ ብሎክ ጋር እንዲገጥም በጭራሽ አይፈቅድም። ሁሌ ያደባልቃቸዋል። በድንጋይ የሚባረሩት ልጆች በአንድ ጎል ላይ ሲጨፍሩ ያየሁት በዓመቱ ነው። ሴት ልጆችም ይጫወታሉ። ይሄ መጀመሪያ ወሬ አስነስቶ ነበር፤ የገዛ ልጁን በረኛ አድርጎ ሲያቆማት ወሬው በረደ።

ቅዱስ አላደርገውም። ይጮኻል። መሸነፍ አይችልም። አንድ ጊዜ ኮዬ ፈጬ ሄደው በሰፊ ልዩነት ተሸንፈው ሲመለሱ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ላይ ተቆጥቶበት ልጁ እያለቀሰ ቤቱ ገባ። እናትየው ወረዱ፣ አጋደሙት በነገር። በማግሥቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ እኔ ደረጃ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ተሳስቻለሁ፣ ቅዳሜ ና» ነበር ያለው። ከዚህ በላይ አልጨመረም። እኔ ለተማሪ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። የኔ ተማሪ ነበር፤ 9ኛ ክፍል። የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ከሦስት ቀን ሁለቱን የማይመጣ። ፑል ቤት ነው የሚውለው። አባት ውጭ አገር፣ እናት ሥራ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ወላጅ ጠራሁ፣ ተውኩት። እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲቀር የሚሰማህ ሐዘን ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ዕረፍትም አለው። ይሄን የሚያምን አስተማሪ ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ኮች ደረጃ ላይ አገኘኝና «ያ ልጅ ክፍል ይመጣል?» አለኝ። አይመጣም አልኩት። ቡድኑ ውስጥ ጥሩ አጥቂ እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ሜዳ ሲመጣ መለያ አልሰጠውም። አላባረረውም። ባንዲራ ሰጠውና የመስመር ዳኛ አደረገው። «በሳምንት አምስት ቀን ክፍል መግባቱን ቲቸርህ የፈረመበት ወረቀት ስታመጣ ትጫወታለህ» አለው። ልጁ ሦስት ሳምንት ባንዲራ ይዞ መስመር ላይ ሮጠ፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ክፍሌ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ዓርብ ላይ ወረቀቱን አምጥቶ «ቲቸር፣ ፈርምልኝ» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ፈረምኩ። ደረጃ አልወጣም፤ ተአምር አልጠብቁ። ዛሬ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይማራል።

ያን ማታ ድንኳኑ ውስጥ መብራት የዘረጋው እሱ ነው። ሰውየው «ማንን አወጣ?» ብሎ ሲጠይቅ አምፖሉ ከራሱ በላይ ይበራ ነበር። ያኔ አልታየኝም። መልስ የሚመጣልኝ ሁሌ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

ይሄ ነገር ለእኔ ለምን እንደከበደኝ ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ ከዚያ ፈቅ አላለም። ፈተናው ጠበቀ፣ ኩረጃ ቀረ፣ ትክክለኛ ደረጃችን ታየ፤ ይሁን፣ እስማማለሁ። ነገር ግን አስተማሪን «ማንን አወጣህ?» ብለህ ከለካኸው ከመቶ ሦስቱን እነሆ ብዬ አሳይሃለሁ። የቀሩት 97ቱስ? እነሱ ፊት ነው እኔ በየቀኑ የምቆመው። ለእነሱ ምን እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ራሴ «ገና ዲፕሎማ ላይ ነህ?» የምባል ሰው ነኝና በወጣው ብቻ መለካት ምን እንደሚመስል ከውስጡ አውቀዋለሁ። ኮች ግን ሥራውን ከ97ቱ ነበር የሚጀምረው። ጎበዙን ልጅ «አንተ ራስህን ትችላለህ» ብሎ ያልፈውና ኳስ ሲመጣለት ዓይኑን የሚጨፍነው ልጅ ጋ ሄዶ ይንበረከካል።

አርባው ዕለት ባለቤቱ አንድ ፌስታል ሰጡኝ። ውስጡ ፊሽካ፣ የኳስ መንፊያና አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነበር። ደብተሩን የጨዋታ ውጤት መዝገብ መስሎኝ ከፈትኩት። አንድም ውጤት የለበትም። የልጆች ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የእናት ስልክ፣ የጫማ ቁጥር። የጫማ ቁጥሩ በየጊዜው እየተሰረዘ ተስተካክሏል፤ 33 ይሰረዝና 35፣ 35 ይሰረዝና 37። ዳር ዳር ላይ በትንንሹ «አስም»፣ «ቁርስ ሳይበላ ይመጣል»፣ «አባቱ አርፏል፣ ተጠንቀቅ» የሚሉ ማስታወሻዎች አሉ። ስሞቹን ቆጠርኳቸው፤ 163 ናቸው። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ሳስተምር የስንቱን ተማሪ ጫማ ቁጥር አውቃለሁ? የስንቱንስ ቁርስ?

ስለ ቤተሰቡ ሳልጽፍ ብቀር ደግሞ ሌላ ግማሽ መስመር መጻፍ ይሆንብኛል።

መለያዎቹን የሚያጥቡት ባለቤቱ ነበሩ። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ውሃ በመጣባት ሌሊት ሴቱ ሁሉ በርሜል ሲሞላ እሳቸው ሳፋ ላይ አጎንብሰው ዋልካ የጠጣ መለያ ያሻሉ። አንድ ጊዜ በረንዳ ላይ ሆነው «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ቤት ደግሞ መቼ ነው ፊሽካ የምትነፋው?» ሲሉት መላው ብሎክ ሰምቶ ሳቀ። እሱም ሳቀ። አሁን ሳስበው ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። የትርፍ ሰዓት ሥራ ቢገባ ኖሮ ቤቱ ሌላ ነገር ይገባ ነበር። ኳስ የገዛበት ብር ከወር ወጪ ላይ የተነሳ ነው። ስፖንሰር የሚባል አልነበረውም፤ ከመዋጮ የተረፈችውን ሦስት መቶ ብር እንኳ በደረሰኝ ነበር የሚያወራርደው።

ደግሞ አባትነቱን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ልጆቹን በየተራ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ምሽት ፈረቃ ከሌለው አትክልት ይዞ ይገባል፤ ሽንኩርት ሲከትፍ በመስኮት አይቼው አውቃለሁ። የትንሹ ልጁ ክርስትና ዕለት ግን በታኬታ ነበር የመጣው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። ይሄን ታሪክ በአርባው ላይ ባለቤቱ ሲያወሩት እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር።

ታላቋ ልጁ፣ ያቺ በረኛዋ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። ይሄን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አስነበብኳትና አንድ ነገር እንድጨምር ጠየቀችኝ። እንዳለችው እጽፈዋለሁ። «አባቴን ለመቶ ልጅ አካፍዬ ነው ያደግኩት። ደስ ይለኛል፣ እኮራለሁም። ግን እኔም ድርሻዬ የጎደለብኝ ቀን እንደነበረ ጻፍ። አለበለዚያ ውሸት ይሆናል።» ጽፌያለሁ። እኛ ሰፈሩ ያተረፍነው ጊዜ ከእነሱ ማዕድ ላይ የተነሳ ነው። ማናችንም ሄደን አመስግነናቸው አናውቅም።

በነገራችን ላይ አባቱን በመጽሐፍ ያስታወሰ ልጅ አለን። ይድነቃቸው ተሰማን ማለቴ ነው፤ ልጃቸው ስለ አባቱ የስፖርት ሕይወት መጽሐፍ ጽፎላቸዋል። ይድነቃቸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብጽን፣ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አሰልጣኝ ነበሩ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ያቺ ዋንጫ የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም ሆና ቀረች። እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ወደ ውድድሩ ለመመለስ ብቻ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ፈጀብን። በየጊዜው ብሔራዊ ቡድኑ ሲሸነፍ አገር ምድሩ አሰልጣኝ ይባረር ይላል፤ እኔም ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብዬ ይባረር ካሉት አንዱ ነኝ። ልጆቹ የት ሆነው ኳስ እንደሚማሩ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ጣሪያው ለምን ያፈሳል እያልን መሠረቱን ቆፍረን እንሸጣለን።

መሠረት ያልኩት ለምሳሌ አይደለም። የኮች ሜዳ ታጥሯል። ከማረፉ ሁለት ወር ገደማ በፊት አንድ ጠዋት ልጆቹ ሲሄዱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ተመቶበት አገኙት። ማን እንዳጠረው እዚህ አልጽፍም፤ ነገሩን የነዋሪዎች ኮሚቴ ይዞታል፣ እኔም ስም ጠርቼ ጉዳዩን ማበላሸት አልፈልግም። ኮች ምን አደረገ? ጎሉን አንስቶ ከቆርቆሮው ውጭ ባለችው ቀጭን መሬት ላይ ተከለው። በሁለተኛው ሳምንት አጥሩ ሰፋ፤ አሁንም አነሳው። ሦስተኛ ጊዜ መኪና ማቆሚያው ጥግ አደረሱት። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልተስማማንም፤ «ለምን ዝም ትላለህ፣ ሰው አሰባስብ» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። «እኔ ስከራከር ልጆቹ ምን ይሠራሉ?» አለኝ። አሁንም አልስማማም። መከራከር የነበረብን እኛ ነን፤ እሱማ ሥራ ላይ ነበር። እሱን «ዝም አልክ» ያልኩት ሰውዬ ራሴ አንድ ስብሰባ ላይ አልተገኘሁም።

እና ለዕድራችንና ለኮሚቴው የምለው ይሄ ነው። አንዳንዶች በስሙ ውድድር እናዘጋጅ፣ ትልቅ ፎቶ አሠርተን እንስቀል እያላችሁ ነው። ቅን ሐሳብ ነው። ግን ዋንጫ ለአንድ ቀን ነው፣ ፎቶም ፀሐይ ያነጣዋል። 40 በ20 ሜትር መሬት ይበቃናል። የአዳራሽ እግር ኳስ ሜዳ ልኩ እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ 800 ካሬ ብቻ ለልጆች ይቅር ብለን ካርታው ላይ እንዲሰመር እንጠይቅ። በቃል የሚሰጠን ተስፋ አይበቃም፤ ወረቀት ላይ ይስፈር። ስብሰባው ሲጠራ ለቀብሩ የወጣው ሰው ግማሹ ቢመጣ አዳራሹ አይበቃውም።

የሕይወት ታሪኩንም እንደገና ጽፌዋለሁ። ለቤተሰቡ ሰጥቻለሁ። የበፊቱ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ይሄኛው አራት ገጽ ነው። «ጎን ለጎን» የሚል ቃል የለበትም።

ፊሽካውን ምን ላድርገው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ ቆየሁ። እኔ ኳስ አልችልም። ልጅ ሆኜም የምመረጠው መጨረሻ ነበር። ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ቢያንስ ልጆቹ መኪና መሀል እንዳይጫወቱ ብዬ ወረድኩ። 19 ልጆች መኪና ማቆሚያው ጥግ ተሰብስበው ቆመዋል። ለካ ከቀብሩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ቆመው ይመለሱ ነበር። ምን እንደምል ጠፋኝ። ደብተሩን ከፍቼ ስም መጥራት ጀመርኩ፤ የማውቀው እሱን ነው። ስም ጠርቼ ስጨርስ አንዷ ትንሽ ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መጀመሪያ አምስት ዙር ነው የምንሮጠው» አለችኝ። ሮጥን። ሁለተኛው ዙር ላይ ቀረሁ፤ ሳቁብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ነን። ኳስ የሚችል፣ ጠዋት መነሳት የማይከብደው ሰው ካለ ይምጣ፤ ፊሽካውን በደስታ አስረክባለሁ። ቁጥር 38 ታኬታ ያላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ሁለት ልጆች አንዱን ጫማ በየተራ ነው የሚያደርጉት፤ ደብተሩ ላይ ኮች ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።